መርካቶ ከዘመናዊው መደብር ጋር ይወዳደር ይሆን?

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ወዳጃችን ጋር ገበያ ወጥተን ነበር። ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና መንፈቁ ሲሆን፣ አገር ቤት ላሉት እናቱ ጋቢ ገዝቶ ለመላክ አሳብ ካደረበት ቆይቷል። ከደመወዙ ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሲያስቀር ከርሞ ገንዘቡ ስለ ሞላለት፣ «እናንተ ዕቃ ታውቃላችሁ፤ አብረን እንሂድ» አለን። ዕቃ ማወቃችንን እኛ ራሳችን እርግጠኞች አልነበርንም፤ ነገር ግን ሰው ሲያመሰግን እንቢ ማለት ስለሚከብድ ተከተልነው።

በመጀመሪያ የሄድነው በቦሌ በኩል ወደሚገኝ አንድ ዘመናዊ መደብር ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል። ዕቃው ሁሉ በየመደርደሪያው ተሰድሮ፣ በያንዳንዱ ላይ ዋጋው በትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋቢዎቹም በላስቲክ ከረጢት ታሽገው እንደ መጽሐፍ ቆመዋል። አንዲት ትሑት ልጅ ቀርባ «ምን ልታዘዝ?» አለችን። ወዳጃችን አንዱን ጋቢ አንሥቶ፣ «ይህ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ?» ሲል ጠየቃት። ልጅቱ ከረጢቱን ገልበጥ አድርጋ አነበበችና «ጥጥ ነው ይላል» አለችው። ከፍቶ ለመዳሰስ ቢጠይቅ ደንቡ እንደማይፈቅድ በትሕትና ነገረችው። ዋጋው የተጻፈው ነው፤ ከዚያ በላይም በታችም የለም። አመስግነን ወጣን።

ከዚያ ወደ መርካቶ ዘለቅን። በመርካቶ የሚሄድ ሰው እግሩ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም ሥራ አይፈታም፤ ከኋላው «ዞር በል! ዞር በል!» የሚለውን የተሸካሚ ድምፅ ያልሰማ እንደ ሆነ ጀርባው ያሳስበዋል። በርበሬው ያስነጥሳል፤ አዲሱ ጨርቅ በሽታው ይታወቃል፤ ከወዲያ ማዶ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ጣራ ወደ ለበሰው ክፍል ገባን። የጋቢና የነጠላ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱን ሱቅ ከሌላው የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ሲሆን፣ ስፋቱም አንድ አልጋ ቢዘረጉበት መቆሚያ የሚታጣበት ነው።

አንድ ሽበት የወረሳቸው ነጋዴ ወዳጃችንን ተቀብለው፣ የመረጠውን ጋቢ ገና ከማውረዳቸው በፊት፣ «ለማን ነው ልጄ?» አሉት።

«ለእናቴ ነው አባባ።»

«እናትህ የት ናቸው?»

«ደብረ ብርሃን አጠገብ ናቸው።»

«እንዴ! ብርድ ነዋ!» አሉና ጥለቱ ያማረውን፣ ወዳጃችን ዓይኑን የጣለበትን ጋቢ ወደ ቦታው መለሱት። «ይህ ለአደባባይ ነው፤ ለርሳቸው አይሆንም።» ከላይ ሌላ አወረዱ። «በል ዳሰው። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ አይደለም የሚልህ ነጋዴ ካገኘህ ዋሽቶሃል። ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው። መጀመሪያ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ቀድመህ ንገራቸው እንዳይደነግጡ።»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ጋቢ የተማርነው፣ በከረጢቱ ላይ ሊጻፍ ከሚችለው ሁሉ ይበልጥ ነበር። እናት ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ልቡ አይራራም ማለት ዘበት ነው። ቀጥሎ ግን ዋጋ ተጠራ። የተጠራው ዋጋ ቦሌ ካየነው የሚበልጥ ስለ ነበረ ወዳጃችን ክው አለ። ክርክር ተጀመረ፤ ሄድን፤ ተጠራን፤ ተመለስን፤ እንደገና ሄድን። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈጀ በኋላ ዋጋው ከመደብሩ በታች ወረደና ጋቢው ተጠቀለለ። ወዳጃችን ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘን። በሻይ ቤቱ ግን አንድ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ አጋጠመውና፣ ያንኑ የመሰለ ጋቢ ባለፈው ሳምንት ከዚያው ረድፍ በረከሰ ዋጋ መግዛቱን ነገረው። እናትን ሊያሞቅ የተገዛው ጋቢ ልጅየውን አበረደው። እስክንለያይ ድረስ ሌላ ነገር አላወራም።

ይህን ተራ ወሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የችርቻሮ ንግድ በሕግ ለአገሩ ሰው ተጠብቆ ብዙ ዓመት ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ግን የጅምላና የችርቻሮ፣ የአስመጪነትና የላኪነት ንግድ በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ለውጭ አገር ባለ ሀብቶች ክፍት እንዲሆን መመሪያ ወጥቷል። እንግዲህ ታላላቅ የውጭ መደብሮች ቢመጡ፣ በጣራ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚነግደው የመርካቶ ሰው ይቋቋማቸዋልን? ጥያቄው የሻይ ቤት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ፣ ዛሬ በየቢሮው ወረቀት የሚያዘጋጁ ወጣት ሹማምንት ነገ በፊርማቸው የሚመልሱት ጉዳይ ሆኗል።

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት መርካቶ ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን የወረረው የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለመለየት ባወጣው የከተማ ዕቅድ መሠረት፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር አደረገ። አራዳ ለነጮቹ ቀረ። መርካቶ ማለት በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ስለ ሆነ፣ «መርካቶ ገበያ ሄጄ መጣሁ» የሚል ሰው «ገበያ ገበያ ሄጄ መጣሁ» ማለቱ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙ ቀረ፤ ሊለየው የፈለገው ገበያም የከተማው ብቻ ሳይሆን የመላው አገር የንግድ ልብ ሆነ። ለንቀት የተሰጠ ቦታ እንዲህ መሆኑ ለታሪክ ተማሪዎች የሚያስደስት ነገር ነው።

ይህ ገበያ የሚሠራበትን ዘዴ ከላይ ላየው ሰው ሞኝነት ይመስላል። ጋቢ ሻጭ ከጋቢ ሻጭ ጎን፣ ቅመም ሻጭ ከቅመም ሻጭ ጎን ለምን ይቀመጣል? ተቀናቃኙን ሸሽቶ ለብቻው ቢሆን አይሻለውምን? ነገር ግን ገዢው የሚሄደው ሁሉም ወዳለበት ነው። አንዱ የፈለጉትን ቀለም ቢያጣ «አንዴ ቆይ፣ ላምጣልህ» ይልና ልጁን ወደ ጎረቤቱ ይልካል፤ ዕቃው የጎረቤቱ፣ ሽያጩ የርሱ፣ ትርፉ የሁለቱ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተራ መደርደሪያው ለብዙ ባለቤቶች የተከፋፈለ አንድ ታላቅ መደብር ነው ማለት ይቻላል። የትኛውም ዘመናዊ መደብር ከአንድ ተራ የሚበልጥ የጋቢ ዓይነት ሊያከማች አይችልም። ቢያከማች ገንዘቡ ታስሮበት ይከስራል።

ሌላም አለ። በመርካቶ ሻጭ ገዢውን «ደንበኛ» ይለዋል፤ ገዢውም ሻጩን መልሶ «ደንበኛ» ይለዋል። ይህን ሁላችንም ስለ ለመድነው ልብ አንለውም እንጂ ነገሩ ትልቅ ነው። በብዙ አገር ገዢው አንድ ስም፣ ሻጩ ሌላ ስም አለው፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ በአንድ ቃል ይጠራራሉ። ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ባህል ሊቅ በሞሮኮ ሰፍሩ በምትባል ከተማ የሚገኘውን ገበያ ለብዙ ጊዜ ካጠና በኋላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ የመሰለ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ የሚጎድለው ዕቃ ሳይሆን ዕውቀት ነው፤ ማን ምን ያህል እንደሚሸጥ፣ የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መናኛ እንደ ሆነ ማወቅ ድካም ነው። ሰው ከዚህ ድካም የሚያርፈው አንድ ሻጭ ይዞ እየተመላለሰ በመግዛት ነው ይላል። ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ደንበኛ ያዝ» ማለቱ ነው።

የወዳጃችን በደል አሁን ግልጥ ይሆናል። ያ ባልደረባው ለነጋዴው ደንበኛ ነበር፤ ወዳጃችን ግን መንገደኛ ነበር። ሽማግሌው ስለ እናቱ የጠየቁት ከልብ ነው፤ ዋጋውን የሰቀሉትም ከልብ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ለምን ቢባል የገበያው ሕግ እንዲያ ነውና።

ይህ ሕግ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ መልካም ነው። አዲስ አበባ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ከተማ ከሆነች ቆይታለች። ከከተማው ዳር ባለ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚያድር፣ ጧት በሁለት ሰዓት ቢሮ የሚገባ፣ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚወጣ ወጣት ደንበኛ የሚያበጅበት ጊዜ ከየት ያመጣል? እርሱ ሲወጣ መርካቶ መዝጊያውን እየጎተተ ነው፤ ሱፐርማርኬቱ ግን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ዋጋው ውድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውድነቱ ለሁሉም እኩል ነው። ተታለልሁ ብሎ ሌሊቱን የሚገላበጥ የለም። ዘመናዊው መደብር የሚሸጠው ትልቁ ዕቃ ይህ ይመስለናል።

አንባቢዎቻችን ይህ በዋጋ ላይ ዋጋ መለጠፍ ከገበያ ውጭ የተፈለሰፈ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። እኛም እንዲያ ይመስለን ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በታች የምናነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝ አገር ሊድስ በምትባል ከተማ ኪርክጌት የሚባል ገበያ አለ፤ የመጀመሪያው በብረትና በመስተዋት የተሸፈነ አዳራሹ በ1857 ተሠራ። በ1884 ማይክል ማርክስ የተባለ፣ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ከነበረው፣ ዛሬ ቤላሩስ ከሚባለው አገር የመጣ ድኻ አይሁዳዊ ስደተኛ በዚህ ገበያ አንዲት ጠረጴዛ ተከራየ። መነሻውም ከአንድ የጅምላ ነጋዴ የተበደረው አምስት ፓውንድ ነበር ይባላል። ማርክስ እንግሊዝኛ በቅጡ አይችልም። ቋንቋ የማይችል ሰው ደግሞ በዋጋ መከራከር አይሆንለትም። ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ፔኒ አደረገና «ዋጋ አትጠይቁ፤ አንድ ፔኒ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። በገበያው የነበሩት ሌሎች ሲጮኹ እርሱ ዝም አለ፤ ሰዉም ወደ ዝምተኛው ጎረፈ። በ1894 ከቶማስ ስፔንሰር ጋር ማኅበር ገባ፤ ዛሬ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ተብሎ በዓለም የሚታወቀው መደብር ከዚያች ጠረጴዛ የወጣ ነው።

ስለዚህ ዘመናዊው ሱቅ ለገበያ ባዕድ ጠላት ሳይሆን ከገበያው ማሕፀን የወጣ ልጅ ነው። የተወለደውም እንደ ወዳጃችን የመሰለ እንግዳ ሰው ስለ ተቸገረ ነው፤ ልዩነቱ ሊድስ ላይ የተቸገረው እንግዳ ሻጩ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሌላው ለውጥ፣ ገዢው ዕቃውን በራሱ እጅ ከመደርደሪያ እያነሣ በመውጫው በር የሚከፍልበት ዘዴ፣ በ1916 በአሜሪካ ሜምፊስ በክላረንስ ሳውንደርስ ተጀመረ። ይህም ነጋዴውን ከነምክሩ አስወገደው። «ለማን ነው ልጄ?» የሚል ሰው ከመደብሩ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

የቀድሞዎቹ አዳራሾችስ ምን ሆኑ? ዕጣቸው እንደየከተማው ሹም ተለያይቷል። ፓሪስ በከተማው እምብርት ላይ ቪክቶር ባልታር የሠራቸው የታወቁ የብረት አዳራሾች ነበሯት፤ ሌ ዛል ይባላሉ። መንገዱ ተጨናነቀ፣ ንጽሕናው አስቸገረ ተብሎ በ1969 ገበያው ከከተማ ውጭ ሬንጂስ ወደምትባል ስፍራ ተዛወረ፤ ከ1971 ጀምሮ አዳራሾቹ ፈረሱ። በቦታው ለዓመታት የቆየው አንድ ታላቅ ጉድጓድ ነበር። በኋላ በጉድጓዱ ውስጥ የገበያ ማዕከል ተሠርቶ በ1979 ተከፈተ። ከነዚያ አዳራሾች አንዱ ብቻ ተነቅሎ በሌላ ከተማ ለመታሰቢያ ተተክሏል። ለመንገዱ መጨናነቅ የተሰጠው ምክንያት ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን ማን እንደ ተጎዳ ለማየት ጉድጓዱን መመልከት በቂ ነው።

የስፔኗ ባርሴሎና ሌላ መንገድ መረጠች። ማዘጋጃ ቤቱ አርባ ያህል የሚሆኑ የየሰፈሩን የምግብ ገበያዎች የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ተቋም በ1991 አቋቋመ። ተቋሙ ገበያዎቹን ተራ በተራ ያድሳል። ሳንታ ካተሪና የሚባለው ባለ ቀለም ሸክላ ጣራ ለብሶ በ2005 ተከፈተ፤ ሳንት አንቶኒ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲታደስ ቆይቶ በ2018 ተከፈተ፤ በእድሳቱም ጊዜ ነጋዴዎቹ እንዳይበተኑ በአጠገቡ ጊዜያዊ አዳራሽ ተሠርቶላቸው ነበር። እኛን ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ይህ ነው፦ በብዙዎቹ በታደሱት ገበያዎች ውስጥ ሱፐርማርኬት አስገብተዋል። ሳሙናውን፣ ዘይቱንና የታሸገውን ከሱፐርማርኬቱ፣ ዓሣውን፣ ሥጋውንና አትክልቱን ከገበያው ሻጭ እየገዛ ሰው በአንድ በር ገብቶ በአንድ በር ይወጣል። ጠላት የተባለውን ጎረቤት አደረጉት፤ ልክ የኛ ጋቢ ሻጭ ጋቢ ሻጭን ጎረቤት እንዳደረገው።

ይሁን እንጂ በዚያችው ከተማ መጠንቀቂያም አለ። ላ ቦኬሪያ የሚባለው ዝነኛ ገበያ በአገር ጎብኚ ከመጥለቅለቁ የተነሣ የሰፈሩ ባልቴቶች ለሽንኩርት መግዣ መተላለፊያ አጡ። አንዳንዱ ሻጭም ሥጋና አትክልቱን ትቶ ለጎብኚ የሚሆን በብርጭቆ የተቆራረጠ ፍሬ መሸጥ ጀመረ። በ2015 ማዘጋጃ ቤቱ ከአሥራ አምስት ሰው የበለጠ የጎብኚ ቡድን በተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት እንዳይገባ ከለከለ። ገበያ በድህነት ብቻ አይሞትም፤ በዝናም ይሞታል።

ወደ መርካቶ እንመለስ። እኛ ዘንድ ስለ ገበያ መሻሻል ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ ወዲያው ወደ ፎቅ ይሮጣል። በርግጥ የየተራው ነጋዴዎች የአክሲዮን ማኅበር እየመሠረቱ ትላልቅ ሕንፃዎች ሠርተዋል፤ ነጋዴ ገንዘቡን ከወንድሙ ጋር አዋሕዶ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በነዚህ ሕንፃዎች የተዘዋወረ ሰው እንደሚያየው፣ ምድር ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ ወደ ላይ በወጡ ቊጥር ጸጥታው ይበዛል፤ ከፍ ያለው ወለል ብዙውን ጊዜ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ተራ ማለት ጎን ለጎን መሆን ነው፤ ጎን ለጎን የነበረውን አንዱን በሌላው ራስ ላይ ብትደራርበው ተራነቱ ይቀርና ዕድለኛና ዕድለ ቢስ ይሆናል። ኪራዩም ከፍ ስለሚል፣ በአንድ አልጋ ስፋት የሚነግደው ሽማግሌ መጀመሪያ የሚወጣው እርሱ ነው። እርሱ ሲወጣ ስለ ድርና ማግ የሚያውቀው አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሕንፃ ከቦሌው መደብር በምን ይለያል? በዚያ ሜዳ ላይ ከውጭው መደብር ጋር ቢወዳደር መሸነፉ አይቀርም፤ ምክንያቱም የሚወዳደረው ባልተካነበት ሙያ ነው።

እንዲያም ሆኖ እንዳለ ይቅር ማለታችን አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ምን ያህል ንብረት እንደ በላ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ዕንቅፋት መሆኑም ያን ጊዜ ተነግሯል። የሊድሱም ገበያ በ1975 ታላቅ ቃጠሎ ደርሶበት አብዛኛው ክፍል ወድሞ ነበር፤ ከተማው ግን ገበያውን ወደ ሌላ ቦታ አላባረረውም፤ በዚያው ስፍራ በ1976ና በ1981 አዳዲስ አዳራሾች ሠርቶ ቀጠለ። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ፣ የውሃ መሳቢያ፣ ሥርዓት ያለው የመብራት መሥመር ከፎቅ ይቀድማሉ። እነዚህ ሪባን አይቈረጥባቸውም፤ ስለዚህ ይሆናል የሚዘገዩት።

ዋጋ መለጠፉን በተመለከተ አሳባችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። መርካቶ ከማርክስ መማር ያለበት ይህን ነው። ደንበኛው የለመደውን ቅናሽ ያግኝ፤ ዱቤም ይሰጠው፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ በቃል ብቻ ዕቃ ጭኖ የሚሄደውን ነጋዴ የሚያምን ዘመናዊ መደብር እስካሁን አላየንም። የከተማችን የሰፈር ሱቅ አብዛኛው ዕቃውን የሚያመጣው ከመርካቶ መሆኑን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ለእንግዳው ግን መነሻ ዋጋ ይጻፍለት። ተጽፎ የሚታይ ዋጋ ደረሰኝንም ይስባል፤ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በደረሰኝ ቊጥጥር ምክንያት በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ሲውሉ ያየን ሰዎች፣ ነገሩ በግዴታ ብቻ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ተመልክተናል። ቊጥጥር አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ተቈጣጣሪው የሚመጣው ነጋዴው ጥቅሙን ካየ በኋላ ቢሆን ኖሮ መዝጊያ ባልተጎተተ ነበር።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ፣ በወረቀት ላይ የሚያምር አሳብ በሱቅ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ማክሰኞ ዕለት ወደ ሽማግሌው ነጋዴ ብቻችንን ተመለስን። አወቁን። «ጋቢው ደረሳቸው?» አሉ አስቀድመው። ገና በመንገድ ላይ መሆኑን ነገርናቸውና፣ ወዳጃችን በሻይ ቤት የሰማውንም አልደበቅናቸውም። ጥቂት ዝም አሉ።

«እውነት ነው፤ ያኛው ከኔ ዘንድ ስድስት ዓመት ገዝቷል» አሉ። «የናንተው ልጅም ስድስት ዓመት ይግዛ፤ ለርሱም እንዲያው ነው።»

ዋጋ ቢጽፉስ ምን ይመስላቸው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ሣቁ። ልጃቸው ይህንኑ ሲመክራቸው ከርሞ፣ አንድ ጊዜ ሞክረው መተዋቸውን አጫወቱን። «ለምን ተዉት?» ብንላቸው መልስ አልሰጡንም፤ ከመሳቢያቸው ትንሽ ወረቀት አወጡ፤ ብዕር ከኛ ተቀብለው ዋጋ ጻፉ፤ በፊት ለፊት በተሰቀለው ጋቢ ላይ በመርፌ ቊልፍ አያያዙት። የጻፉት ዋጋ ቅዳሜ ዕለት መጀመሪያ ከጠሩት እጅግ ያነሰ፣ ወዳጃችን በመጨረሻ ከከፈለውም ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር። እኛም አንድ ጥግ ይዘን ተቀመጥን።

ብዙም ሳይቈይ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት መጡ። ጋቢውን ዳሰሱ፤ ጫፉን በጣታቸው አሻሹ፤ ወረቀቱን ቀረብ ብለው አነበቡ።

«እህ፣ የተጻፈውስ ይሁን፤ መጨረሻው ስንት ነው?» አሉ።

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው ተመለከቱን።